የላክሁት ማር

ሰኔ 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄን ጸደይን ዛሬ ለእትዬ ብዙነሽ ሰጥቻት መጣሁ። ሰጥቻት ስል ማስቀመጤ ነው እንጂ መቼም ልጅ አይሰጥም። ከነገ ጀምሮ እኛ ነርሶች እዚያው ለይቶ ማከሚያው ውስጥ እየሠራን፣ እዚያው እየበላን፣ እዚያው ልናድር ነው። ይሄ ወረርሽኝ ጋብ እስኪል ቤት መመላለስ የለም ተብሏል። ባሌ ደረጄ እንደሆነ በአይሱዙ የሮቢትን ሽንኩርት ጭኖ ዛሬ አዲስ አበባ፣ ነገ ደሴ ነው፤ ልጅ ጋቢና ውስጥ አያሳድግ ነገር። እናቴ በሕይወት የለች። የሦስት ዓመት ልጅ ከአክስቷ በቀር ማን ዘንድ ትቀመጣለች?

እትዬ ብዙነሽ የደረጄ ታላቅ እህት ናት። ሾላ ሜዳ የምትባል መንደር ነው የምትኖረው፤ እስከ አስፋልቱ ዳር በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ ማሽላውን ሰንጥቆ በእግር ነው። እግዜር ልጅ አልሰጣትም። ባሏም በዚሁ የተነሳ ትቷት ማጀቴ ከተማ ሌላ አግብቷል። ጸደይን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደሚፈታ አውቃለሁ። "በይ አታስቢ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛት" አለችኝ። "አደራ እትዬ" ስላት "ኧረ ተይ! አደራ በላ ልታደርጊኝ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች።

ጸደይ ለዶሮዎቹ ማሽላ ስትበትን እትዬ "ሳታይሽ ውጪ፣ ካየችሽ ታለቅሳለች" አለችኝ። ከገዛ ልጄ እንደ ሌባ ተደብቄ ወጣሁ። ማሽላው ውስጥ ስደርስ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። አላለቀሰችም።

ሰኔ 11

በሮቢት ሙቀት ላይ የፕላስቲክ ልብስ መደረብ ምን እንደሚመስል ለሚመለከተው አካል ማስረዳት እፈልጋለሁ። የሚመለከተው አካል ግን እዚህ አይመጣም። ዛሬ ጓንቴን ሳወልቅ ላቡ ከውስጡ እንደ ውኃ ተደፋ። ጥማት ይገድለናል፤ ውኃ ከጠጣን ደግሞ ሽንት ይመጣና ልብሱን አውልቆ መጣል ሊኖር ነው፣ ትርፍ ልብስ የለም። ስለዚህ አንጠጣም።

ከለበስነው ወዲያ ከዓይናችን በቀር የሚታይ የለም፤ መነጽሩ ሲደበዝዝ እሱም ይጠፋል። ሂዳያ በማርከር ጀርባዬ ላይ "ሲስተር ሰላማዊት" ብላ ጻፈችልኝ፣ እኔም እሷ ላይ ጻፍኩ። ሂዳያ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል ነው የምናድረው። ስትሠራ ከማስኩ ሥር መንዙማ ታንጎራጉራለች። "ዝም ካልኩ ፍርሃቱ ይሰማኛል ወላሂ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ስፈራ እሳደባለሁ። እንግዲህ አንዳችን ስናንጎራጉር ሌላችን ስንሳደብ ነው የምንውለው።

ማንበብ የማይችሉት በሽተኞች ማን ማን እንደሆነ አያውቁም። ሁላችንም "ሲስተር" ነን።

ሰኔ 15

ደወልኩ። ተኝታለች።

ሰኔ 17

ደወልኩ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተኝታለች። ሙቀቱ ይሆናል። ልጅ በሙቀት ይደክማል።

ሰኔ 20

ዛሬ ነቅታ ነበር! እትዬ "ነይ ጸዲዬ፣ ሲስተር ናት የደወለችው" ስትላት ሰማሁ። ሰው ሁሉ ሲስተር ስለሚለኝ ለምዶባት ነው። ጸደይ ስልኩ ላይ እፍ እፍ ብላ ተነፈሰችና አንድ ቃል ሳትናገር ሮጠች። "ጫጩት አይታ ነው" አለችኝ እትዬ። እውነት ነው፣ ጫጩት ነፍሷ ነው።

የግቢያችን ዘበኛ ጋሼ በድሩ ሻይ ቤት ሄደው ብርጭቆ ከለከሏቸው። "አንቱም ከኮሮናዎቹ ጋር ነዎት" አለቻቸው አሉ ባለቤቲቱ። "ይኸን ሁሉ ዘመን ኖሬ በስተርጅና ብርጭቆ ተከለከልሁ" እያሉ ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ብዙ ጊዜ በሩን እያዩ ተቀመጡ።

ሰኔ 26

ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ፎቶም ቀረ። ትናንት በስልክ ጸደይ ስታስል ሰማኋት። ስታስል! እዚህ ቀን ሙሉ ሳል ስሰማ ውዬ፣ የሷ ሳል ግን አንጀቴ ውስጥ ገባ። እትዬ "የክረምት ሳል ነው፣ ትኩሳት የላትም" ብትለኝም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጋሼ በድሩን ገበያ ልኬ አንድ ጣሳ ንጹሕ ማር አስገዛሁ። ደረጄ በአጥሩ በኩል መጣ። ጣሳውን አጥሩ ሥር አስቀምጬ ራቅ አልኩ፣ እሱ መጥቶ አነሳው። እንዲህ ሆኗል የባልና ሚስት ነገር።

"ምንድን ነው?" አለኝ።

"ማር ነው። ለጸደይ።"

ጣሳውን እንደያዘ ቆመ። "ማር ነው የምትልኪው?"

"ምነው፣ ማር ምን ሆነ? ለሳሏ ነው። ከዝንጅብል ጋር ለብ ባለ ውኃ አድርገሽ ስጫት በላት።"

"እሺ" አለ። ሌላ የሚለው ያለው መስሎኝ ጠበቅሁ። መኪናውን አጉል ቦታ አቁሞ ነበርና ሄደ። ከስቷል። ቤት የሚጠብቀው ሰው የለም፣ በደንብም አይበላም መሰለኝ።

ሐምሌ 5

የሰኔ ጾም ተፈታ። ደረጄ ሾላ ሜዳ ነው የዋለው፤ በግ አርደዋል። ስደውል ከኋላው ሰው ግጥም ብሎ ይሰማል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ አሜን ይባላል። ጮኽኩበት። እኔ እዚህ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው እያየሁ እዚያ ድግስ? "የአቦ ለት አይደል፣ ጥቂት ሰው ነው" አለኝ።

"ሳሏስ?"

"ሳሏ ከተዋት ቆየ።"

"ማሩስ?"

"ማሩ ጥሩ ነበር። ሁሉም ቀምሷል።"

ለሳል የላክሁትን ማር ለእንግዳ! እትዬ ብዙነሽ እጇ ለሰው አይታጠፍም፣ ያላትን መበተን ነው ልማዷ። ጸደይን አገናኘኝ ብለው ተኝታለች አለ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል እንቅልፏ የሚገርም ነው።

ሐምሌ 13

ጋሼ ሷሊሕ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ፤ ሂዳያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፣ ከረሜላ ይሰጧት ነበር። ልጆቻቸው አጥሩ ጋ ቆመው "አባታችንን እንጠብ" ብለው ለመኑ። አይቻልም አልን። እኛው ሸፈንናቸው። ሂዳያ ያን የፕላስቲክ ልብስ እንደለበሰች ራስጌያቸው ቆማ ዱዓ አደረገች። እኔ እግራቸው ጋ ቆሜ የማውቀውን አባታችን ሆይ አልኩ። ሌላ ማን አላቸው?

ስንወጣ ከልጆቹ አንዱ "እናንተ ናችሁ የገደላችሁት፣ በእግሩ ነው የገባው" አለን። ሂዳያ አንገቷን ደፋች። እኔ ልመልስለት አፌን ከፈትኩና ማስክ እንዳደረግሁ ትዝ አለኝ፤ ለካ አፌ መከፈቱንም አያይም።

ያለን አንድ ሐኪም ዶክተር አቤል ለስብሰባ ብሎ አዲስ አበባ ከሄደ ሳምንት አለፈው። ስልኩ አይሠራም። የሄደ ቀን "ጀግኖቼ" ብሎን ነበር። እኔስ የዚያን ለት ጠርጥሬ ነበር፤ ሰው ጀግና ሲልህ ትቶህ ሊሄድ ነው። እንግዲህ የቀረነው አራት ነርሶች ነን። ብቻ ጸደይ ከዚህ ሁሉ ርቃ ከሰው እጅ ላይ መሆኗን ሳስብ ነው ልቤ የሚያርፈው። እትዬ ብዙነሽን እግዜር ይስጥልኝ። ብድሯን እንዴት አድርጌ እንደምመልስ አላውቅም።

ሐምሌ 21

አከራያችን ቤቷን ልቀቁልኝ ብላለች። "የኮሮና ነርስ የኖረችበት ቤት ሌላ ተከራይ አይገባበትም" አለች አሉ። ደረጄ ይሄን የነገረኝ ዕቃውን ካነሳ በኋላ ነው። ሁሉንም ሾላ ሜዳ ወስዶታል፤ የጸደይን አልጋም፣ ልብሷንም፣ ልደቷ ላይ የተነሳችውንም ፎቶ። "ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?" ስለው "እንዳትጨነቂ ብዬ" አለኝ። ለኔ ብሎ ነው። ከአራስነቷ ጀምሮ የነበራትን ሁሉ ለኔ ብሎ ወሰደው።

ሐምሌ 27

ጓንቴን እንዳወለቅሁ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ጠዋት እማማ ፈለቀች የሚባሉ አሮጊት ገቡ። ከሾላ ሜዳ ናቸው። ደስ አለኝ፣ የጸደይን ወሬ እጠይቃለሁ አልኩ። እኔን አያውቁኝም፤ ቢያውቁኝስ በዚህ ልብስ ውስጥ እንዴት አድርገው ይለዩኛል? ሙቀታቸውን እየለካሁ ሳለ እሳቸው ቀደሙኝ።

"አንቺ ሲስተር፣ እናንተም ልጅ አላችሁ?"

"አለኝ እማማ።"

"በይ ልጅሽን ያዢ። እንደዚያችኛዪቱ ነርስ እንዳትሆኚ።"

"የትኛዋ?"

"የብዙነሽ ወንድም ሚስት ናታ! ከተማ ናት አሉ። ይኸ በሽታ ሲመጣ ፈርታ ልጇን ሰጠቻት። ለአቦ ለት ልጅቱ ማር ጠባች። እኔም ነበርሁ፣ ሥጋውንም በላሁ፣ ይኸው በሽታውም ከዚያው ነው መሰል።"

"ማር ጠባች ማለት?" አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። ሲሉት መስማት ፈልጌ ነው።

"የጡት ልጅ አደረገቻታ! ብዙነሽ አውራ ጣቷን ከማር ነክራ አጠባቻት፣ እነ ወልደማርያም መረቁ። ከዚያ ወዲያ ወለደቻት ማለት ነው።"

"እናትየዋ ሳትኖር?"

"አይ ሲስተር፣ የኛን መንደር ወግ አታውቂም። ወላጅ መምጣት ካልሆነለት ማሩን ይልካል። ማር ላከ ማለት ፈቀደ ማለት ነው። ማሩን እኮ እሷው ናት የላከችው! ባልየው በእጁ ይዞ መጥቶ ሽማግሌ ፊት አስቀመጠው። ምን ያለች ድንጋይ ናት እያልን ስናማት ዋልን። ደግሞ ማሩ መልካም ማር ነበር።"

እናቷ እኔ ነኝ ብዬ መጮህ ነበረብኝ። አልጮኽኩም። ትራሳቸውን ከፍ አድርጌ፣ ኦክስጅናቸውን አይቼ ወጣሁ። የሙቀታቸውን ቁጥር ረስቼው ተመልሼ ለካሁ። "ምነው ደጋገምሽ ልጄ?" አሉኝ።

ሐምሌ 28

ደረጄ ስልኩን ዘግቷል። ደወልኩ። ዝግ። ደወልኩ። ዝግ።

ወደ ማታ አነሳ።

"ለልጅቷ ብዬ ነው ሰላሜ።"

"ለልጅቷ? እናት እያላት?"

"ሰው እያለቀ ነው። አንቺ እዚያ ውስጥ ነሽ። አንድ ነገር ብትሆኚ እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ ልጅቷ ሜዳ ላይ ልትቀር ነው። እህቴ ደግሞ 'ዛሬ አሳድጌ ነገ ሊነጥቁኝ አልደክምም' አለች። ምን ላድርግ?"

"ስለዚህ በቁሜ ቀበርከኝ።"

ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ።

"ማሩን ለምን ነበር የላክሁት?"

"ለሳል።"

"ለሽማግሌዎቹስ ምን አልካቸው?"

"ምንም አላልኩም። የእናቷ ማር ነው ወይ አሉኝ። ነው አልኩ። ውሸት ነው?"

ባሌ ማለት ይኸው ነው። አልዋሸም! ስድስት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝቼ፣ ሰው እንደዚህ ሳይዋሽ መክዳት እንደሚችል ዛሬ ገና አወቅሁ። የጻፍኩትን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። ተኝታለች፣ ተኝታለች፣ ተኝታለች። የተኛሁትስ እኔ ነኝ።

ነሐሴ 1

ልሄድ ነው አልኩ። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ሂዳያ በሩ ላይ ቆመች። "ሂጂ፣ አልይዝሽም። ግን ትናንትና ስድስት በሽተኛ ላይ ተደፍተሽ ነው የዋልሽው። ዛሬ ሄደሽ ታቅፊያታለሽ?" አለችኝ። ሻንጣውን በእርግጫ አልኩት። እግሬን አመመኝ፣ ሻንጣው ምንም አልሆነም።

ነሐሴ 5

ብዙነሽን አመጧት።

ከእንግዲህ እትዬ የለም።

በቃሬዛ ነው ያስገቧት፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጸደይስ? መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱን ነው። ጋሼ ወልደማርያም ቤት ናት፣ ደህና ናት አሉኝ አምቡላንሱ ላይ የነበሩት። ሂዳያ "ሌላ ክፍል ያዢ፣ እኔ እይዛታለሁ" አለችኝ። አይሆንም አልኩ። ለምን አይሆንም እንዳልኩ አላውቅም።

ድምፄን አላሰማኋትም። በምልክት ነው የማናግራት። "ሲስተር፣ ውኃ" ትላለች፣ እሰጣታለሁ።

ነሐሴ 7

በሆዷ አስተኛናት። ትንፋሿ አልተሻለም። ስትቃዥ "ጸዲዬ፣ ጸዲዬ" ትላለች። በኔ ልጅ ስም ነው የምትቃዠው።

ነሐሴ 9

ዝናብ። መብራት የለም። ከሰዓት በኋላ የብዙነሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ሊያልቅ ሲል ሌላ ላመጣ መጋዘን ወረድኩ። ቁልፉ ጠፍቶብኝ ትንሽ ቆየሁ። ደመናው ከብዶ ደጃፉ ጨልሞ ነበር፣ ዝናቡም ኃይለኛ ነበር። ሂዳያ እየሮጠች መጣች። ደረስንላት። ደህና ናት።

ይሄ የሚጻፍ ነገር እንኳ አልነበረም። በየቀኑ የሚያጋጥም ነው።

ነሐሴ 10

ሂዳያ ከትናንት ጀምሮ አላንጎራጎረችም። ልንተኛ ስንል "ቁልፉ እኮ እጅሽ ላይ ነበር ሰላም" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ጓንት ደርቤ ስለነበር አልተሰማኝም አልኳት። "ኢንሻአላህ እንዲያ ነው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጓንት ደርቤ ነበር። ሁለት ጓንት ሲደረብ እጅ ምንም አይሰማውም። የትኛዋም ነርስ ታውቀዋለች።

ነሐሴ 12

ዛሬ ፈረቃዬ አልነበረም፣ ግን ገባሁ። ብዙነሽን አገላበጥኳት፣ ጀርባዋን አሸሁ፣ አጥሚት በማንኪያ አበላኋት። ሲሊንደሩን ገና ሳይጎድል ቀየርኩት። ሂዳያ አየችኝ። በኋላ ከማስኩ ሥር ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ነሐሴ 16

እማማ ፈለቀች ድነው ወጡ። ሲመርቁኝ "ልጅሽን ይባርክልሽ" አሉኝ። አሜን አልኩ።

ነሐሴ 22

ብዙነሽ ዛሬ ወጣች። የመውጫ ወረቀቷን የፈረምኩላት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"ሰላማዊት" አለችኝ።

ደነገጥሁ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽኝ?"

"ከገባሁበት ቀን። አረማመድሽ ይጠፋኛል እንዴ? ደግሞ ጀርባሽ ላይ ተጽፏል። እስከ አራተኛ ተምሬያለሁ እኮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?" አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች። "ስምሽን ከጠራሁ ትተይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"እኔ በሽተኛ አልተውም።"

ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አልነቀለችም። "ያ ዝናብ የጣለ ለት ዘገየሽ" አለችኝ።

ልመልስላት ፈለግሁ። ስለ ጓንቱ ልነግራት ፈለግሁ።

"አልፈርድብሽም" አለች። "እኔም ብሆን እዘገይ ነበር። ከሞት መልሰሽኛል፣ እግዜር ይስጥሽ፣ እስክሞት አልረሳውም። ልጅቱን ግን አልሰጥሽም። አንቺ ገና ትወልጃለሽ። እኔ ከየት አመጣለሁ?"

ሄደች። በገዛ እግሯ፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ያን እግር ያቆምኩት እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ ተከድቼ አውቃለሁ፤ የከዳኝን ሰው አክሜ፣ አብልቼ፣ ልጄን እንዲወስድ አጠንክሬ መላክ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ለእማማ ፈለቀች ድንጋይ አለመሆኔን ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ። ግን ማን ያውቃል፣ ድንጋይ እሆን ይሆናላ።

ጳጉሜን 3

በሽተኛው ቀንሷል። ምርመራዬ ነጻ ነው። አዲስ ነርሶች መጡልን፣ እኛ ዕረፍት ውጡ ተባልን። ለመሸኛ አንዱ ኃላፊ መጥቶ "ለወገን ደራሾች" አለን። አጨበጨብን።

ፍርድ ቤት ልሂድ አልኩ። ለአስቸኳይ ጉዳይ ካልሆነ በዚህ ሰሞን አይሠራም አሉኝ። ሂዳያ "በሽማግሌ የታሰረ በሽማግሌ ነው የሚፈታው" አለችኝ። "እኛ ዘንድ ያጠባች እናት ትሆናለች፣ ልክ ነው። የወለደችን ግን ከቤት አታስወጣም። በናንተስ ቢሆን?" በኛ አላውቅም። የከተማ ልጅ ነኝ። የማውቀው ማር ለሳል እንደሚሆን ብቻ ነበር።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም.

ጸደይ አጠገቤ ተኝታለች። እውነት ተኝታለች፤ እየነካሁ ነው የምጽፈው። ያለነው ሂዳያ ቤት ነው፣ ሌላ ቤት የለኝም። ደረጄ ሾላ ሜዳ ቀርቷል። እዚያው ይቅር።

ትናንትና ነው የሄድነው፣ እኔና ሂዳያ። ማሽላው አሽቷል። በእጄ አንድ ጣሳ ማር ይዣለሁ፤ ሂዳያ ናት ከአሊዩ አምባ ያስመጣችልኝ። ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር ተራርቀው ተቀምጠዋል። ያን ቀን የመረቁት ጋሼ ወልደማርያም መሃል ናቸው። እማማ ፈለቀችም መጥተዋል። እኔን አላወቁኝም፣ ሂዳያ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ስትላቸው ግን በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

"እንግዲህ ልጄ" አሉኝ ጋሼ ወልደማርያም፣ "ማርሽን ልከሻል። ባልሽ በእጁ ይዞ መጥቷል። እኛ ከራሳችን አላመጣነውም።"

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ የላክሁት ለሳል ነው" አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሼ ወደ ደረጄ ዞሩ። "ደረጄ? ለምንድን ነው የላከችው?"

ደረጄ መሬት መሬት እያየ በጫማው አፈር ጫረ። ጋሼ ቆይተው ደገሙለት።

"ለሳል" አለ።

"ታዲያ ያን ለት?"

"የእሷ ነው ወይ ብላችሁ ነው የጠየቃችሁኝ።"

አንዱ ሽማግሌ ምራቃቸውን ጢቅ አሉ። ጋሼ ወልደማርያም ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስደገፉ። እኔ በበኩሌ ስድብ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ መንገድ ላይ ለሂዳያ እያሰማኋት ነው የመጣሁት። አንዱም አልወጣኝም። ደረጄን ሳየው የማላውቀው ሰው መሰለኝ።

"አጥፍተናል" አሉ ጋሼ። "ግን በማር የታሰረ ነገር በአፍ አይፈታም። ወጉ እንዲያ ነው።"

"እንግዲያው በማር ይፈታ" አልኩና ጣሳውን ፊታቸው አስቀመጥሁ። "እኔም በማር ልውሰዳት።"

"የወለድሻትን?" አሉ እኚያ ጢቅ ያሉት ሽማግሌ። ሊስቁ ነበር፣ ፊቴን አይተው ተዉት።

"አዎን፣ የወለድኳትን።"

ብዙነሽ ጸደይን አዝላ ከሾላው ወዲያ ቆማለች። ገና እንደከሳች ናት። ጸደይ በጀርባዋ ላይ ሆና ዶሮ እያየች ነው። ሁሉም ብዙነሽን አየ። ላትሰጥ ትችል ነበር፣ መንደሩ መንደሯ ነው። እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ያ ዝናብ በሁለታችን መሃል እንደቆመ ነው። ከዚያ አንቀልባዋን ፈታች። "ሂጂ፣ ማር ቅመሺ" አለቻትና የቀሚሷን ጫፍ የያዘውን ትንሽ እጅ አስለቀቀች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ በሯን ዘጋች።

ማስኬን አወረድኩ። ተንበረከክሁ። አውራ ጣቴን ማሩ ውስጥ ነከርኩ፤ ክረምቱን ሙሉ በረኪና የላጠው ቆዳ ነው፣ አቃጠለኝ። ጸደይ ፊቴን ሳይሆን ጣቴን እያየች ቀስ ብላ መጣች። አሸተተችው፣ አፍንጫዋን ነፋች፣ ከዚያ ያዘችው። ጠባች። ጋሼ ወልደማርያም ቆመው መረቁ። ሰዉ አሜን አለ፣ ሂዳያም አሚን አለች።

ጣቴን ለቃ ከንፈሯን ላሰች። ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየች።

"ሲስተር፣ ጨምሪልኝ" አለችኝ።

ጨመርኩላት።